ስምንተኛው ክር

ምንታምር በየጠዋቱ ሁለት ተኩል ላይ ከባጃጅ ወርዳ፣ ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ፣ የወርክሾፑን የመጨረሻ ክፍል ትከፍታለች። ክረምት ነው። የሐምሌ ጉም ከተራራው ወርዶ ኮምቦልቻን ስለሚሸፍናት ጠዋቱም ቀትሩም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፤ መብራት ካልበራ ክፍሉ ውስጥ የሰው ፊት አይለይም። ቤቱ የረጠበ ጆንያና የማሽን ግራሶ ይሸታል። ኮምፒውተሯን ትከፍታለች፤ ከጎኑ የተቀመጠችው መዳፍ የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ሲል ታያለች፤ ከዚያ ካፖርቷን ሳታወልቅ ትቀመጣለች። ከግድግዳው ወዲያ ጋሼ ሀብተየስ ቀድመዋት ገብተው የፓምፕ ዕቃ ሲሞርዱ ይሰማታል። ብረት ሲሞረድ የሚያወጣው ድምፅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥርሷን ያሳክካት ነበር። አሁን ግን እሱን ካልሰማች ሥራ የጀመረች አይመስላትም።

ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር የመጣችው ለአንድ ሥራ ነው። የቀጠራት ድርጅት ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ከተቆፈሩ ዘጠኝ ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ እየሳበ ለፋብሪካዎች ያከፋፍላል። በየጉድጓዱ አፍ ላይ ፓምፑን የምታዝ ትንሽ ኮምፒውተር አለች፤ ይህች ኮምፒውተር የምትሠራው ደግሞ ኢንጂነር ውብሸት የተባለ የድርጅቱ ሰው ከባዶ ተነሥቶ በጻፈው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ስሙን «ምንጭ» ብሎታል። ውብሸት ባለፈው ዓመት ጥር ላይ በኩላሊት ሕመም ሞተ፤ እውቀቱም አብሮት ተቀበረ። የዘጠነኛው ጉድጓድ ቫልቭ ማንም ሳያዘው ለቅጽበት ይከፈትና ይዘጋል። እሱ በሕይወት ሳለ «ልክ ነው፣ ተዉት» ይል ነበር አሉ። አሁን የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ ሥራ አስኪያጁ አቶ ቢተው ምክንያቱ እንዲገኝ አዘዙ።

ምክንያቱን ለማግኘት ዲበገር ያስፈልጋል። ዲበገር ሌላው ፕሮግራም እየሠራ ሳለ መሀል ላይ አስቁሞ ውስጡን ገልጦ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ምንታምር የምትጠቀምበት ዲበገር ብዙ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን ያውቃል፤ ምንጭን ግን አያውቅም። የእሷ ሥራ እሱን ማስተማር ነው፦ ምንጭ ሥራዎቹን የት እንደሚመዘግብ፣ በምን እንደሚያቆማቸው፣ በምን እንደሚያስቀጥላቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሞተ ሰው የጻፈውን ስታነብ ሰነበተች፤ ሰውየው ጠንቃቃ፣ ነገር የማያበዛ፣ ንጹሕ ሠራተኛ እንደነበረ ከጽሑፉ ገባት።

ምንጭ ሥራውን ጎን ለጎን በሚሮጡ «ክሮች» ይከፍላል። አንዱ ክር ፓምፑን ያዛል፣ አንዱ የውኃውን ከፍታ ያነባል፣ አንዱ የቧንቧውን ንዝረት ይመዘግባል፤ በጠቅላላው ሰባት ናቸው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዲበገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ሰሌዳ ክሮች ቆጥሮ ዘረዘረላት። ሰባት። ደስ ብሏት በሬዲዮ አንቴና በኩል ከጉድጓዶቹ ጋር አገናኘችው። አንደኛው ጉድጓድ ሰባት፣ ሁለተኛው ሰባት፣ እስከ ስምንተኛው ድረስ ሰባት። ዘጠነኛው ላይ ስምንት መጣ።

የራሷ ስሕተት መሰላት። የመቁጠሪያውን ክፍል አፍርሳ እንደገና ጻፈችው፤ አሁንም ስምንት። ሰባቱ ክሮች ውብሸት ያወጣላቸው ስም አላቸው፤ ስምንተኛው የለውም። ፕሮግራሙን አቁም ስትለው ሰባቱ ባሉበት ቀጥ አሉ። ስምንተኛው አልቆመም። በቆሙት መሀል እሱ ብቻ ይተኛል፣ ይነቃል፣ መልሶ ይተኛል።

ሰባቱን መልሳ አስቀጥላ ቀኑን ሙሉ ስትከታተለው ዋለች። ክሩ የሚነቃው የንዝረት መለኪያው ሦስት ንዝረት በተከታታይ ሲይዝ ብቻ ነው። ሲነቃ ቫልቩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋና ይተኛል። የቫልቩ ምሥጢር እንግዲህ ተገኘ። ግን ቧንቧውን የሚያናውጠው ምንድን ነው? የመለኪያውን ምዝገባ ወደ ድምፅ ቀይራ በኮምፒውተሩ ድምፅ ማውጫ ከፈተችው። መጀመሪያ የውኃው ጉርምርምታ ብቻ ነበር፤ ወፍራም፣ የማያባራ፣ ጆሮ ላይ እንደሚከብድ ጨለማ ያለ ድምፅ። ፓምፑ ለዕረፍት ሲቆም ዝምታው ወደ ታች፣ በጣም ወደ ታች ተዘረጋ። ከዚያ ዝምታ ሥር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። በእኩል ርቀት፣ በትዕግሥት፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ እንደሚያንኳኳው። ወዲያው ቫልቩ ሁለት ጊዜ ቋ፣ ቋ አለ።

ጉድጓዱ መቶ ሰማንያ ሜትር ይጠልቃል። ስፋቱ የባልዲ አፍ ያህል ነው።

አንድ ሰው ከላይ ቧንቧውን እየመታ እንደሚጫወትባት ጠረጠረች። በድርጅቱ ውስጥ ዘጠነኛው ጉድጓድ ጋ የሚመላለሱት ጋሼ ሀብተየስ ብቻ ናቸው። የአጥሩ ቁልፍ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ ምሳቸውን እንኳ በዝናብ ሞተር ነድተው እዚያ ሄደው የሚበሉበት ቀን አለ። ሌላም ነገር ትዝ አላት። ከግድግዳው ወዲያ ሞረዱ አንዳንዴ በድንገት ይቆምና ብረት በጣት ሁለት ጊዜ ሲመታ ትሰማ ነበር። ቋ፣ ቋ። ከዚያ ሞረዱ ይቀጥላል። እስከዚያ ቀን ልብ ብላው አታውቅም።

ሊመሽ ሲል ወደ እሳቸው ተሻገረች። ጋሼ ሀብተየስ ስድሳን ያለፉ፣ ጣቶቻቸው ግራሶ የጠገቡ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ናቸው።

«ጋሼ ሀብተየስ፣ ዘጠነኛው ጉድጓድ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ እንዴ?»

ሞረዱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ምን ዓይነት?»

«ፕሮግራሙ ላይ አንድ ትርፍ ሥራ አገኘሁ።»

«እኔ የብረት ሰው ነኝ። ስለ ፕሮግራም ምን አውቃለሁ?» አሉ። ዓይናቸው ግን እሷን አልፎ በሩ ላይ ነበር። «ያገኘሽውን እንዳለ ተዪው ልጄ። ሥራሽን ጨርሺና በሰላም ወደ ቤትሽ ግቢ።»

ያ ንግግር ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረቁራት አደረ። በማግሥቱ የስምንተኛውን ክር ጽሑፍ ከውብሸት ፋይሎች መሀል ፈልጋ አወጣችው። አጭር ነው። ከላይ አንድ ማስታወሻ ብቻ ሰፍሮበታል፦ «ሲያንኳኳ መልስ። አይለፍህ።» ፋይሉ መጨረሻ የተለወጠው ባለፈው ዓመት መጋቢት፣ ከውብሸት ቀብር ሁለት ወር በኋላ፣ እሷ በተቀመጠችበት በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። የዚያን ጊዜ የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ማን እንደነበረ የድርጅቱን ጸሐፊ ጠየቀች። «ጋሼ ሀብተየስ ናቸዋ» አለቻት።

ስለ ፕሮግራም ምንም አላውቅም ያሉት ሰውዬ። ከዚያ በኋላ ሳይታወቃት እየሰለለቻቸው ዋለች፤ የጫማቸውን ኮቴ፣ የሞተራቸውን መነሣት፣ የሞረዱን መቆም በማስታወሻ ደብተሯ በሰዓት በሰዓቱ ጻፈች። ሐሙስ ዕለት ግን ጥርጣሬዋ ላይ ውኃ የሚቸልስ ነገር ሰማች። ሞረዱ ከግድግዳው ወዲያ ሳያቋርጥ እየጮኸ ሳለ፣ ከድምፅ ማውጫው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሰውዬው እዚህ ናቸው። ታዲያ እዚያ ያለው ማን ነው? ቧንቧው ውስጥ የላላ ብረት ይሆናል ብላ ራሷን አሳመነች። ወይም ተባባሪ አላቸው፤ ይህኛው ይሻላል፤ ይህኛውን ማመን ይቀላል።

ለአቶ ቢተው ደወለችላቸው። ነገሩን ሁሉ፣ ስምም ጠቅሳ ነገረቻቸው።

«ድሮም ልቤ አይወዳቸውም ነበር» አሉ አቶ ቢተው። «አንድ ነገር እያበላሹ ነው። አስቁሚው። ማን እየሮጠ እንደሚመጣ እናያለን።»

ማስቆሙ ቀላል አልነበረም። ውብሸት ያንን ክር ማንም እንዳያቆመው ምልክት አድርጎበታል፤ ዲበገሩ ያንን ምልክት አልፎ እንዲሄድ ማስተማር ሦስት ቀን ፈጀባት። ማቆሚያውን በሰሌዳዋ ላይ ደጋግማ ፈተነችው። የዚህን ክር ማስቀጠያ ሰኞ ማታ ከመውጣቷ በፊት በጥድፊያ ጻፈች፤ ሳትፈትነው ሄደች። ማክሰኞ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጋሼ ሀብተየስ ለዕቃ ወደ መጋዘን እንደ ወጡ፣ ትእዛዙን ሰጠች። ከስምንተኛው ክር ጎን «ቆሟል» የሚል ቃል መጣ።

ለሃያ ደቂቃ ምንም አልሆነም። ከዚያ ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ። ቫልቩ አልመለሰም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወፈረ፤ ክፍሉ ጨለመ፤ የሆነ የረጋ ውኃ፣ የጭቃ፣ የቆየ ብረት ሽታ ከየት እንደ ሆነ ሳታውቅ አፍንጫዋን ሞላው። ደግሞ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ዝምታ። ደግሞ ሦስት። አሁን እንደ እንግዳ አልነበረም፤ በር የተዘጋበት የቤት ባለቤት የሚያንኳኳው ማንኳኳት ነበር። ቀጥሎ ማንኳኳቱ ቆመና የሚፈተግ ነገር ተሰማ፤ ረጅም፣ ቀርፋፋ፣ በቧንቧው ዙሪያ ሁሉ እኩል የሚነካ ነገር ሲሳብ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ።

ዓይኗ ወደ ውኃው ከፍታ ቁጥር ሄደ። የዘጠነኛው ጉድጓድ ውኃ በክረምትም በበጋም ከመሬት ስልሳ ሜትር በታች ነው። አሁን ሃምሳ አራት ይላል። እያየችው ሃምሳ አንድ ሆነ። ብርጭቆ ውስጥ እጅ ሲገባ ውኃው እንደሚነሣ እየተነሣ ነው። አርባ አራት። ሠላሳ ስምንት።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ሀብተየስ ዝናብ እየተንጠባጠበባቸው ገቡ፤ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ድምፁ ነው ያዩት።

«አቆምሽው?» አሉ። አልጮኹም። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከአምስት ተኩል። ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ወንበሩን ተደግፈው ቆሙ። «የዛሬ ሦስት ዓመት ዘጠነኛው ላይ ያለችው ኮምፒውተር ተቃጥላ ከታች የሚያንኳኳው ነገር አንድ ቀን ሙሉ መልስ ሳያገኝ ዋለ። አሊጋዝ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ እዚያ ጥበቃ ነበር። ማታ ስንደርስ የጉድጓዱ ክዳን አሥራ ሁለቱም ብሎኖች ተፈትተው መሬት ላይ በሰልፍ ተደርድረዋል። አሊጋዝ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። በሕይወት አለ፤ ዛሬም ቤቴ አለ። ቃል ግን አይወጣውም። የተቀመጠበትን ነገር ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ሁለት ካልመለስንለት እህል አይቀምስም።»

ምንታምር ከግድግዳው ወዲያ ስትሰማው የኖረችው ሁለት ምት ምን እንደ ነበረ አሁን ገባት። እጃቸው ከቤት ይዞት የሚመጣ ልማድ ነው።

«ውብሸት ጉድጓዱ ይዘጋ ብሎ ጻፈ፤ አለቆቹ ሳቁበት» ቀጠሉ። «ከታች ያለው ነገር ላይ ሰው አለ ብሎ ሲያምን አይወጣም ይል ነበር። ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሲሞት ወረቀት ተወልኝ። መለኪያው ሲቀየር ፊደል በፊደል እየገለበጥኩ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ለአቶ ቢተው ምን ትያቸው ነበር?»

አስቀድማ የነገረቻቸውን አስባ ዓይኗን ወደ ውኃው ከፍታ መለሰች። አሥራ ዘጠኝ ሜትር።

«እኔ ልሂድና በመፍቻ ልመልስለት» አሉ ጋሼ ሀብተየስ፣ የሞተሩን ቁልፍ ከኪሳቸው እያወጡ።

«ይቆዩ። አይሂዱ። ላስቀጥለው።» የማስቀጠያውን ትእዛዝ ጻፈች፤ ተጫነችው። መስመሩ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የስሕተት መልእክት አልመጣም። ሁለቱም ወደ ድምፅ ማውጫው ተጠጉ። ፍትጊያው ቀጠለ፤ ዝግ አለ፤ ቆመ። ከዚያ ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ፣ ከበፊቱ ሁሉ ቀርቦ።

ለረጅም ጊዜ ምንም። ከዚያ ቋ፣ ቋ።

ጋሼ ሀብተየስ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጠው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። የውኃው ከፍታ አሥራ አንድ ሜትር ላይ ቆመ። አልወረደም፤ ግን አልተነሣም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ እንደገና ሁለት ተመለሰ። ሥርዓቱ ወደ ቦታው ገባ። ምንታምር ሳታስበው የሰውዬውን ግራሶ የነካ እጅ ያዘች።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ክፉ ሰው መስለውኝ ነበር።»

«ማወቅ አትችይም ነበር። አይዞሽ።»

ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱላት፤ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። በየመሀሉ ከድምፅ ማውጫው ሦስትና ሁለቱ ይሰማል፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ለመዱት። ለአቶ ቢተው ደውላ የቫልቩ መከፈት ብልሽት እንዳልሆነ፣ ውብሸት ሆን ብሎ ያበጀው መከላከያ እንደሆነ፣ ጋሼ ሀብተየስም የታዘዙትን እንደፈጸሙ ነገረቻቸው። አቶ ቢተው አጉረመረሙ፤ «በጽሑፍ አድርጊው» ብለው ዘጉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ሀብተየስ ኮታቸውን ደረቡ። አሊጋዝ እንዴት እንደ ዋለ ሊያዩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ከቤታቸው ደወሉላት። ድምፃቸው ለጥቂት ጊዜ እንደ ወጣት ሰው ድምፅ ነበር።

«ምንታምር፣ አሊጋዝ ዛሬ አላንኳኳም። ባለቤቴ ከቀትር ጀምሮ ተወው አለችኝ። በራሱ እጅ በላ። ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀምጦ ፈገግ ይላል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ከልቧ።

ስልኩን ዘግታ ሪፖርቷን መጻፍ ጀመረች። ዝናቡ አባርቷል፤ ጉሙ ግን መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ስለ ስምንተኛው ክር አሠራር ሁለት መስመር ጽፋ ለማስረጃ የሚሆን ቁጥር ፈለገች፦ ቫልቩ ዛሬ ስንት ጊዜ ተከፈተ? የጉድጓዱ ኮምፒውተር እያንዳንዱን መከፈት ትቆጥራለች። ቁጥሩን አወጣችው። ከአምስት ሰዓት ተኩል ወዲህ አንድም አልጨመረም። ቆጣሪው ተበላሽቷል ብላ አሰበችና የክሮቹን ዝርዝር ከፈተች። ሰባቱ ይሠራሉ። ከስምንተኛው ጎን «ቆሟል» የሚለው ቃል ጠዋት እንደ ነበረ አለ። የማስቀጠያውን ትእዛዝ እንደገና ተጫነችው፤ መስመሩ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ቃሉ አልተለወጠም።

ከድምፅ ማውጫው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ቆይቶም ቫልቩ ሳይከፈት ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ ሦስቱም ሁለቱም የሚመጡት ከታች ነበር።